«ሰርኪት» በስፖርትና በቴክኖሎጂ፤ ዑደት፣ ዙር፣ አቋራጭ

«ሰርኪት» የሚባለው ባዕድ ቃል ወደ አማርኛ የገባው በሁለት በር ነው። በአንደኛው በር ከሽቦ፣ ከአምፖልና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ገባ፤ በሁለተኛው በር ከመም፣ ከሩጫ አሠልጣኝና ከውድድር መርሐ ግብር ጋር። በመጀመሪያው በር ቆመው የተቀበሉት የፊዚክስ መምህራንና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የተቀበሉት የስፖርት ጋዜጠኞች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች በዚህ ጉዳይ ተነጋግረው ያውቃሉ ለማለት አንደፍርም። ስለዚህም አንዱ «ዑደት» ሲል ሌላው «ዙር» ይላል፤ አንዱ «ሰርኪዩት» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «ሰርኪት» ብሎ ይጽፋል፤ የቃጠሎ ዜና የሚጽፈው ደግሞ ለሁለቱም ሳይገዛ «ኮንታክት» የሚል ሦስተኛ ቃል ያመጣል። በዚህ ጽሑፍ የነዚህን ቃላት አጠቃቀም እንመረምራለን። መመዘኛችንም አንድ ነው፤ ይኸውም ቃሉ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ያሳውቀዋል ወይስ ያሳስተዋል የሚለው ነው።

ለመፈተኛነት የመረጥነው ስፍራ ጊዳ አያና ነው። ከነቀምቴ ወደ ሰሜን ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ የሚያደርሰው መንገድ የሚያልፍባት ይህች የምሥራቅ ወለጋ ከተማ ለአንድ የሙያ ቃል ጥሩ ሚዛን ናት። ልጆቿ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኦሮምኛ ይማራሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ፊዚክሱ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል፤ አማርኛውን ደግሞ በአንድ በኩል እንደ አንድ የትምህርት ዐይነት፣ በሌላ በኩል ከገበያ፣ ከሬዲዮና ከጥገና ቤት ይቀስሙታል። እንግዲህ አንዱ ነገር በሦስት ቋንቋ ሦስት ጊዜ ይመጣባቸዋል ማለት ነው። የአማርኛው ስያሜ ግልጽ ካልሆነ ከሦስቱ ደካማው እርሱ ይሆናል፤ ደካማውን ቃል ደግሞ ማንም ተገዶ አይይዝም። ለነገሩ የቃላት ሥራ ለወለጋ ዐዲስ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጥቶ ያስተማረው በነቀምቴ ነበር፤ ለነገሩ ቃሉን ለማግኘት መድከም ምን እንደሆነ ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ በዚያ ዘመን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቃሉ ሥር እንመለስ። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረታዊ ፍቹ «ዞሮ መሄድ» ነው። የግእዙ «ዖደ» ፍቺም ይኸው «ዞረ» ነው። በመሆኑም «ዑደት» ብሎ የተረጐመው ሰው ሥርን በሥር የተካ፣ በሥራው የማይወቀስ ሰው ነው። ዳሩ ግን ቃል ሥሩን ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ ዘመዶቹንም ይዞ ይመጣል። የዖደ ዘመዶች ብዙ ናቸው። ዓመት ዞሮ የሚመጣበት በዓል «ዐውደ ዓመት» ነው፤ እየዞረ ዐዋጅ የሚያሰማው «ዐዋዲ» ነው፤ ሰው ዞሮ የሚያየው ትርኢት «ዐውደ ርእይ» ነው። በክብረ በዓል ቀን ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞር ምእመናን «ዑደት አደረገ» ይላሉ። በሳይንሱም መስክ የውሃ ዑደት፣ የሕይወት ዑደት፣ የወር አበባ ዑደት አሉ። የኤሌክትሪኩ ዑደት እንግዲህ ባዶ ቤት አልገባም፤ ሰው የሞላበት ቤት ነው የገባው።

ከነዚህ ዘመዶች ሁሉ ለጉዳያችን የሚበጀው አንድ የገበሬ ቃል ነው፤ «ዐውድማ»። በጊዳ አያና ገጠር ጤፍ ሲወቃ ያየ ሰው የምንለውን ይረዳል። በእበት የተለቀለቀው ክብ መሬት አለ፤ በዚያ ላይ በሬዎቹ ይዞራሉ፤ የዞሩትንም የሚቈጥር ቢኖር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቈጥራል። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች እንዳሉ ልብ ይሏል። ስፍራው ወይም መንገዱ አንድ ነው፤ መዞሩ ሁለተኛ ነው፤ የመዞሩ ቍጥር ሦስተኛ ነው። አማርኛ ለመጀመሪያው «ዐውድማ»፣ ለሁለተኛው «ዑደት»፣ ለሦስተኛው «ዙር» የሚል ቃል አለው። እንግሊዝኛው ግን ሯጭ የሚዞርበትን መንገድ፣ መዞሩን ራሱን፣ አንዱንም ዙር «ሰርኪት» ሊል ይችላል። ይህ የእንግሊዝኛው ሀብት ነው ወይስ ጕድለት የሚለው የእኛ ጉዳይ አይደለም። የእኛ ጉዳይ፣ እርሱ ያልለያቸውን እኛ ለይተን ሳለ ስለ ምን መልሰን እናደበላልቃቸዋለን የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን እንውሰድ። በጊዳ አያናም ሆነ በሌላ ከተማ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ዑደት» ሲል አይሰማም። እርሱ የሚለው «መስመር» ነው፤ የመብራት መስመር፣ የሶኬት መስመር፣ የምጣድ መስመር። ከቆጣሪው ተነሥቶ ወደ አንድ ክፍል የሚሄደውን ሁሉ መስመር ይለዋል፤ ሲበላሽም «መስመሩ ተበጥሷል» ይላል። ቃሉ አጭርና የተለመደ በመሆኑ ለሥራው አይከፋም። ለትምህርት ግን ይከፋል። መስመር መነሻና መድረሻ ያለው ነገር ነው፤ ውሃ በቧንቧ ሄዶ በባልዲ እንደሚያልቅ፣ ኮረንቲም በሽቦ ሄዶ በአምፖሉ ያልቃል የሚል ሐሳብ ይተክላል። የፊዚክስ መምህራን ከዓለም ዙሪያ የሚያውቁት የጀማሪ ተማሪ ስሕተት ይኸው ነው። ለልጁ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ አምፖልና አንድ ቍራጭ ሽቦ ብትሰጡት፣ ብዙ ጊዜ ሽቦውን ከድንጋዩ አንድ ጫፍ ወደ አምፖሉ ያገናኝና ለምን እንደማይበራ ይደነቃል። መመለሻው መንገድ ጐድሏል፤ «መስመር» የሚለው ቃል ደግሞ መመለሻ እንዳለ አይነግረውም።

«ዑደት» ይነግረዋል። በዚህ ረገድ በመማሪያ መጻሕፍት የገባው ቃል ከሠራተኛው ቃል ይበልጣል ማለት አለብን፤ ምንም እንኳ በዚህ ዐምድ ብዙ ጊዜ የሠራተኛውን ቃል ደግፈን የጻፍን ብንሆን። «ዞሮ ዞሮ ከቤት» የሚለውን የሚያውቅ ልጅ ዑደት ማለት ከተነሣበት መመለስ መሆኑን ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ያልተመለሰ ነገር ዑደት አላደረገም። «ዝግ ዑደት» እና «ክፍት ዑደት» የሚሉትም ጥንዶች በዚሁ መሠረት ላይ በደንብ ይቆማሉ። «ዞሮ ገጠም» ይባል የሚል ሐሳብ ቢነሣ ግን ከዚህ ላይ ይወድቃል፤ ማብሪያው ሲጠፋ «ያልገጠመ ዞሮ ገጠም» ልንል ነውና። «ምሕዋር»ም ለፈለክ መንገድ ተይዟል፤ ፈለክ ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም።

ይሁን እንጂ «ዑደት» አንድ ከባድ እንቅፋት አለበት። በአገራችን የሚሠራጨው የኤሌክትሪክ ኃይል ተለዋዋጭ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ይሄዳል። ይህንንም መመላለስ መጻሕፍቱ «ዑደት» ይሉታል። እንግዲህ መምህሩ «በዚህ ዑደት ውስጥ ኮረንቲው በሰከንድ 50 ዑደት ያደርጋል» ሊል ነው። ተማሪው ምን ይረዳል? ኮረንቲው ከትራንስፎርመሩ ተነሥቶ ከተማዋን በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራታል ብሎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? እንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ቃላት ባለው ስፍራ አማርኛው አንድ ቃል ብቻ አስቀምጧል፤ ስሕተቱ የተፈጠረው በሥሩ ፍቺ ሳይሆን በዘመዶቹ መጣበብ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ በስፖርት ሜዳ ላይ ተቀምጧል። የሚቈጠረውን «ዙር» እንበለው። «በሰከንድ 50 ዙር» የሚለው አነጋገር ለጆሮ የቀና ከመሆኑም በላይ ከእውነቱም አይርቅም፤ ምክንያቱም መመላለሱ የሚመነጨው ከሚሽከረከር መኪና ነው። ሁለት ዋልታ ብቻ ያለው ጄኔሬተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 50 ይሆናል፤ እያንዳንዱ የመኪናው ዙር አንድ የኮረንቲ ዙር ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሆሮ ጉዱሩ በሚሠራው በፊንጫ ኃይል ማመንጫ እንዳሉት ያሉ የውሃ መኪናዎች ዋልታቸው ብዙ ስለሆነ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ የሚሰጡት ግን ያንኑ 50 ነው። የሞተር ሠራተኞችም «በደቂቃ ይህን ያህል ዙር» ማለት ከለመዱ ቆይተዋል። ስለዚህ መንገዱ «ዑደት»፣ ቍጥሩ «ዙር» ቢሆን ሁለቱም ያለ ጠብ ይኖራሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን «ኮንታክት» ነው። ቤት ወይም መጋዘን ሲቃጠል በዜና የምንሰማው «በኤሌክትሪክ ኮንታክት ምክንያት» የሚል ነው፤ አማርኛውን የሚወዱት ደግሞ «በኤሌክትሪክ ንክኪ» ይላሉ። ንክኪ ማለት መነካካት ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ያለ መነካካት መቼ ይሠራል? ማብሪያው ሲበራ ሁለት ብረቶች ይነካካሉ፤ ሶኬቱ ሲሰካም እንዲሁ። መነካካት የጤናማ ሥራ ምልክት ሆኖ ሳለ የአደጋ ስም አድርገነዋል። የባሰው ግን ይህ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ አደጋዎችን ደርቦ መሸፈኑ ነው። አንደኛው፣ ፌዝና ኒውትራል ልባሳቸው ተልጦ ሲገናኙና ኮረንቲው አምፖሉን ወይም ምጣዱን ትቶ በመካከል ሲሻገር ነው። ሁለተኛው፣ ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው በላይ ሲጫንበት ነው፤ እዚህ ላይ የተነካካ ነገር የለም። አንድ የእንጀራ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ሲወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህን የሰካች እመቤት ሽቦው ግሎ ልባሱ ሲነድድ ታያለች። ሦስተኛው፣ ጫፉ በደንብ ሳይጠብቅ የቀረ ሽቦ ብልጭ ድርግም እያለ ሲግል ነው፤ የዚህ ምክንያቱ ደግሞ ንክኪ መኖሩ ሳይሆን ንክኪ መጕደሉ ነው።

ጋዜጣው ሦስቱንም «ኮንታክት» ካለ አንባቢው ከቃጠሎው ምን ተማረ? ኮንታክት እንደ መብረቅ ከሰማይ የሚወርድ፣ ማንም የማይከላከለው መዓት ይመስለዋል። ወፍራም ሽቦ ማስዘርጋት፣ ለምጣዱ የራሱ ዑደት እንዲኖረው ማድረግ፣ የላላውን ማጥበቅ የሚሉት ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለሦስቱ በሽታ አንድ ስም ያለው ሰው መድኃኒቱን ሊለይ አይችልም። የቃላት አመራረጥ የጓዳ ጨዋታ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን አንድ ምሳሌ ቢመለከቱ እንወድዳለን።

ለመጀመሪያው አደጋ እንግሊዝኛው «ሾርት ሰርኪት» ይለዋል። ቃል በቃል የሚሄዱ ተርጓሚዎች «አጭር ዑደት» ይላሉ። ይህም ያሳስታል፤ አንድ የባትሪ ድንጋይና አንድ አምፖል በስንዝር ሽቦ ቢያያዙ ዑደቱ አጭር ነው፤ አደጋ ግን የለበትም። በስሙ ውስጥ ያለው እጥረት የርዝመት ሳይሆን የመቍረጥ ነው፤ ኮረንቲው ሥራውን ሳይሠራ አቋርጦ ይመለሳል። ለዚህ አማርኛ የታወቀ ቃል አለው፤ «አቋራጭ»። ከጊዳ አያና ገበያ ወደ መንደሩ የሚመለስ ሰው ዋናውን መንገድ ትቶ በማሳው መካከል የሚሄድበት አቋራጭ ነው። በስፖርቱም ቃሉ ከቆየ ኖሯል፤ «አገር አቋራጭ ሩጫ» የማይል ጋዜጠኛ የለም። በመም ላይ ግን ሯጭ ውስጡን ቢያቋርጥ ከውድድር ይሰረዛል፤ የዙሩን ድካም ሳይከፍል ደረሰ ማለት ነውና። ኮረንቲውም እንዲሁ ነው፤ የሚያደክመውን ምጣድ ትቶ በቀላሉ መንገድ ስለሚሮጥ መጠኑ እጅግ ይበዛል፤ ሽቦውንም ያነድደዋል። «የዑደት አቋራጭ» ብንለው ነገሩ በስሙ ውስጥ ይታያል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም መሸሽ አይገባንም። «አቋረጠ» ሁለት ፍቺ አለው፤ ተሻገረ ማለት ነው፣ ከማድረግ ተወ ወይም ገታ ማለትም ነው። «ኃይል ተቋረጠ» ስንል ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ያለውን ብሬከር አንዱ «ዑደት አቋራጭ» ብሎ ቢተረጕመው፣ በሽታውም መድኃኒቱም አንድ ስም ሊይዙ ነው። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያስጥለው «አቋራጭ»ን ሳይሆን የብሬከርን መተርጐም ይመስለናል። ብሬከርን ሻጩም ገዢውም በዚሁ ስም ያውቁታል፤ እንደ ፊውዝና እንደ ሶኬት የአማርኛ ቃል ሆኗል ማለት ይቻላል። ሁሉን እንተርጕም የሚለው ቅንዓት ከኮንታክት ያልተናነሰ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ይህ ቦታ ያሳያል።

ስፖርቱን በተመለከተ ጋዜጠኞቻችንን የምንነቅፍበት ነገር ጥቂት ነው። «ዙር» በእጃቸው የጠራ ቃል ነው። የአሥር ሺህ ሜትር ውድድር በ400 ሜትር መም ላይ 25 ዙር፣ የአምስት ሺው 12 ዙር ከግማሽ መሆኑን የገጠር ልጅ እንኳ ከሬዲዮ ያውቃል፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወልም አሰልቺው ቍጥር ወደ ጩኸት ይለወጣል። እንዲያውም በዚህ መስክ ስፖርቱ ከቴክኖሎጂ የተዋሰው አንድ ቃል ከሁሉ ይልቅ ያስደስተናል። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በአምስትና በአሥር ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘው ምሩፅ ይፍጠር በመጨረሻው ዙር ፍጥነቱን በድንገት ይለውጥ ስለነበረ «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ። «ማርሽ» ከጣሊያንኛ በመኪና ተጭኖ የመጣ ቃል ነው፤ «ቀያሪ» የአገር ቤት ነው። ይህን ቅጽል ያወጣ የቃላት ጉባኤ አልነበረም። ነገሩን ያየ ሁሉ የተስማማበት ነውና ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ችግሩ «ዙር»ን ከአቅሙ በላይ ማሸከም ላይ ነው። በእግር ኳስ የውድድር ዓመቱ ግማሽ «የመጀመሪያው ዙር» ይባላል፤ በጥሎ ማለፍም እያንዳንዱ ደረጃ ዙር ነው፤ በቦክስ ሦስቱ ደቂቃ ዙር ነው። በዚህ ላይ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዛወረ በየዓመቱ የሚካሄደው የአትሌቲክስ ውድድር፣ ለምሳሌ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ዳይመንድ ሊግ፣ «ሰርኪት» ሲባል ጋዜጠኛው ወይ ቃሉን እንዳለ ይጽፈዋል ወይ «የዙር ውድድር» ይለዋል። አድማጩ ግን መም ይታየዋል እንጂ ከዶሃ ወደ ዙሪክ፣ ከዙሪክ ወደ ብራስልስ መሄድ አይታየውም። የሕግ ሰዎች ይህንኑ የእንግሊዝኛ ቃል በሌላ መንገድ ፈትተውታል። በየስፍራው እየሄደ የሚያስችለውን ፍርድ ቤት «ተዘዋዋሪ ችሎት» ብለውታል፤ ለማን እንደሚዞርና ለምን እንደሚዞር አስበው ነው። በገንዘቡም በኩል «ተዘዋዋሪ ፈንድ» አለ። ስፖርቱ «ተዘዋዋሪ ውድድር» ቢል ከጎረቤት መዋስ እንጂ መፍጠር አይሆንበትም። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከአንዱ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው እየተሸጋገሩ የሚደረገውን፣ በ1953 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሞርገንና አዳምሰን ያወጡትን «ሰርኪት ትሬኒንግ» አሠልጣኞች «የዙር ልምምድ» ቢሉት ግን አንቃወምም፤ እዚያ ላይ የሚቈጠረው እውነትም ዙር ነው።

በጊዳ አያና የሚናገረው ሰው ቋንቋ ስለዚህ ምን ይላል? ኦሮምኛ ከበበ፣ ዞረ ከሚለው ግሥ ያወጣው «ማርሳ» የሚል ቃል አለው፤ ለዙርም፣ ለዑደትም ያገለግላል። ዐውድማውን ግን «ኦብዲ» ብሎ ከሌላ ሥር ይጠራዋል። እንግዲህ አማርኛ በአንድ ሥር ያሰባሰበውን ኦሮምኛ ከፍሎታል፤ አማርኛ የከፈለውን ደግሞ ኦሮምኛ አንድ አድርጎታል። የሁለቱን ቋንቋ መምህራን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ ከማርሳ የመጣ ተማሪ በአማርኛው ክፍል ዑደትና ዙር ለምን እንደተለዩ ካልተነገረው እንደ ተመሳሳይ ቃላት ይይዛቸዋል፤ ያን ጊዜም 50ው ዙር ወደ 50 ዑደት ይመለሳል።

ለመዝገበ ቃላት ሥራ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «ዑደት» በኤሌክትሪክ ረገድ «ኮረንቲ ከምንጩ ተነሥቶ ሥራ በሚሠራ ዕቃ በኩል አልፎ ወደ ምንጩ የሚመለስበት የተያያዘ መንገድ» ተብሎ ይፈታ፤ «መስመር» የሠራተኞች አነጋገር መሆኑ ይጠቀስ፤ «ዙር» በስፖርትም በመኪናም በኮረንቲም ለሚቈጠረው ብቻ ይጠበቅ። በጣት ጥፍር ላይ ብዙ ሺህ ዑደት የያዘውን ዕቃ ጠጋኞቹ ሁሉ «አይሲ» ስለሚሉት አይሲ ሆኖ ይግባ። «ሰርኪት» በተራው ፊደል ገብቶ አንባቢውን ወደነዚህ ይምራ። «ኮንታክት» ግን የቃጠሎ ምክንያት ተብሎ ሲፈታ፣ ከሦስቱ አደጋዎች የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ እንዳይጻፍ ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ቢሆን እንመርጣለን።